የመገናኛ ሬዲዮ አላይመንት ከመጀመሩ በፊት፦ ጅማ ላለ የጥገና ጠረጴዛ ዝርዝር መመሪያ

የመገናኛ ሬዲዮ ለአላይመንት፣ ማለትም የውስጥ ማስተካከያዎቹን ወደ ትክክለኛ ልካቸው ለመመለስ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ትሪመር (ቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ የሚዞር ማስተካከያ) ሲዞር አይደለም። ሬዲዮው ከመለኪያው ጋር በተገናኘባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። አንዱ ማይክራፎኑን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሳ ሳያስበው የመናገሪያውን ቁልፍ ይጫናል፤ 25 ዋት በአንቴና መሰኪያው በኩል ሲግናል ጀነሬተሩ (የመሞከሪያ ሲግናል የሚሰጠው መሣሪያ) ውስጥ ይገባል፤ የጀነሬተሩ መውጫ ይቃጠላል። ጅማ ላይ ደግሞ የተቃጠለ መለኪያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሄዶ የሚጠበቅ ዕቃ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንጽፈው ስለ አላይመንቱ ሳይሆን የመጀመሪያው ትሪመር ከመነካቱ በፊት ማለቅ ስላለበት ሥራ ነው። ለምሳሌነት የምንይዘው መኪና ላይ የሚገጠም 25 ዋት ቪኤችኤፍ (ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ) ሬዲዮ፣ 5 ዋት የእጅ ዋኪቶኪ እና 100 ዋት ኤችኤፍ (ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ) ሬዲዮ ነው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ አላይመንት ያስፈልገዋል?

የሬዲዮ ማስተካከያዎች በዕድሜና በሙቀት ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ እንጂ በአንድ ሌሊት አይዞሩም። ትናንት 25 ዋት ያወጣ የነበረ ሬዲዮ ዛሬ 8 ዋት ካወጣ የተበላሸ ነገር አለ፦ የላላ የአንቴና መሰኪያ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የደከመ የፓወር ትራንዚስተር፣ ወይም የዛገ የፊውዝ ማቀፊያ። ይህን ሳይፈልጉ የፓወር ትሪመሩን ወደ ላይ ማዞር የታመመውን ክፍል ጨርሶ መግደል ነው። ብልሽቱ ተገኝቶ ከተጠገነ በኋላ ልኩ የአምራቹ የሰርቪስ ማኑዋል ከሚፈቅደው ውጭ ሆኖ ከቀረ ብቻ አላይመንት ይጀመራል። ልኩ ውስጥ ከሆነ አትንኩት።

የሰርቪስ ማኑዋሉ የዚያው ሞዴልና የዚያው ባንድ መሆን አለበት። በስም አንድ የሆኑ ሬዲዮዎች በቪኤችኤፍና በዩኤችኤፍ ሲሠሩ ቦርዳቸውም የማስተካከያ ቁጥራቸውም ይለያያል። ከጀርባው ያለውን መለያ አንብባችሁ ከማኑዋሉ የፊት ገጽ ጋር አስተያዩ። ማኑዋል ካልተገኘ ሬዲዮው ተመርምሮ ይጠገን እንጂ አላይመንቱ ይቆይ።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ የመገናኛ ሬዲዮ መያዝና ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሬዲዮውን ከደንበኛ ስትቀበሉ የፈቃዱን ቅጂና የተመደበለትን ፍሪኩዌንሲ ጠይቁ። ልካችሁን በዚያው ቻናል ውሰዱ። የአውሮፕላን አደጋ ጥሪ የሚተላለፍበትን 121.5 ሜጋኸርዝ ለሙከራ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ በደሚ ሎድም (በአንቴና ቦታ ተተክቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ሪዚስተር) ቢሆን ትንሽ ያፈስሳል።

ጠረጴዛውና መብራቱ

ጠረጴዛው የእንጨት ይሁን። ጅማ ጥሩ እንጨትም ጥሩ አናጺም አታጣም፤ የብረት ጠረጴዛ ግን የወደቀ ሽቦን ሁሉ አጭር ዙር ያደርጋል። ላዩ ላይ የጸረ ስታቲክ ምንጣፍ አንጥፉ፤ ምንጣፉና የእጅ ማሰሪያው በ1 ሜጋኦም ሪዚስተር በኩል ከግራውንድ ጋር ይገናኙ። ሪዚስተሩ ሰውን ለመጠበቅ የተቀመጠ ስለሆነ በቀጥታ ሽቦ አይተካም። በመቶዎች ቮልት የሚሠራ የቱቦ ማጉያ ስትከፍቱ ግን ማሰሪያውን አውልቁ።

ከሁሉ በላይ ግራውንዱን መርምሩ። መለኪያዎቹን በሙሉ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩና አብሩ። መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በዚያው ዲቫይደር ትርፍ ቀዳዳ ሦስት ልክ ውሰዱ። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አካባቢ፣ በፌዝና በግራውንድ መካከል ከዚያ ጋር የተቀራረበ፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ጥቂት ቮልት ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ልክ ሁለቱም 110 ቮልት አካባቢ ከሆኑ ግራውንዱ የትም አልተገናኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የዘመኑ መለኪያዎች መግቢያቸው ላይ ከፌዝም ከኒውትራልም ወደ ቆርቆሯቸው የሚሄዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሏቸው፤ ግራውንድ ሲጠፋ ቆርቆሮው መሃል ላይ ይንሳፈፋል። የመለኪያው አካል ሲነካ የሚነዝረው ከዚህ የተነሳ ነው። ሰውን ላይገድል ይችላል፤ ኬብል ስትሰኩ ግን የመሰኪያው መሃል ፒን ከውጭ ቀለበቱ ቀድሞ ከነካ ያ ቮልቴጅ በሬዲዮው መቀበያ መግቢያ ትራንዚስተር ውስጥ ያልፋል። ያኔ ሬዲዮው ማንም ሳይነካው ደንቁሮ ይቀራል። ግራውንድ ከሌለ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስተክሉ። መልቲሜትር ግራውንድ መኖሩን ይጠቁማል እንጂ ጥራቱን አይናገርም፤ ጥራቱ በግራውንድ መለኪያ ይመዘናል። የኦሲሎስኮፕን ሦስተኛ ፒን ቆርጦ መሰካት ደግሞ ለምንም ምክንያት አይፈቀድም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ በቮልቴጅ ግርፊያ ነው የሚመለሰው። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወዲያው የሁሉንም ማብሪያ አጥፉ፤ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ በአንድ አብሩ። በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ የውጭ አንቴና ኬብል ጠረጴዛው አጠገብ እንኳን አይሁን።

እርጥበቱም የራሱ ሥራ አለው። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ቀዝቅዞ ያደረ ሬዲዮ ሞቃት ክፍል ሲገባ ውስጡ ላብ ያወጣል፤ ከመከፈቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። ቡና መፈልፈያ አካባቢ የሚሠራ ሬዲዮ ደግሞ ገለባው እንደ ዱቄት ደቅቆ ከእርጥበት ጋር ቦርዱ ላይ ይለጠፋል፤ ይህ ቅርፊት ቀጭን ፍሰት ያሳልፋል፣ ፍሪኩዌንሲንም ያንቀሳቅሳል። በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል እጠቡ። ስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት እሱ ነው፤ መርካቶ ካሉት ሱቆቻቸው ጠይቁ። የእጅ ማጽጃ አልኮል ውሃም ግሊሰሪንም ስላለበት አይሆንም። ቆሻሻ ቦርድ ላይ የተሠራ አላይመንት ቦርዱ ሲታጠብ ስለሚበላሽ እጥበቱ ይቅደም።

ዋቱ የት ያልቃል?

ሬዲዮው ሲያሰራጭ የሚወጣው ኃይል በሙሉ አንድ ቦታ ሄዶ ሙቀት መሆን አለበት። ከዚያ ለመለኪያው የሚደርሰው ጠብታ ብቻ ነው። ጠብታው ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ላይ ሳይሰላ ቁልፉ አይጫንም።

ዲቢ የሁለት ኃይሎች ንጽጽር ነው፤ ዲቢኤም ደግሞ ኃይሉ ከ1 ሚሊዋት ጋር ሲነጻጸር ነው። ስሌቱ በዲቢኤም ሲሆን መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። 5 ዋት 37 ዲቢኤም ነው፤ 25 ዋት 44፤ 100 ዋት 50። የጠረጴዛ ስፔክትረም አናላይዘሮች (ሲግናሉን በፍሪኩዌንሲ ዘርዝረው የሚያሳዩ መለኪያዎች) ብዙዎቹ የሚችሉት ጣሪያ 30 ዲቢኤም፣ ማለትም 1 ዋት ነው፤ በኪስ የሚያዙት ትንንሾቹ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚችሉት። ጣሪያው ምንም ይሁን፣ መግቢያው ላይ የሚደርሰው ከ0 ዲቢኤም እንዳይበልጥ አድርጉ፤ አሉታዊ 10 ዲቢኤም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ አናላይዘሩ ራሱ የሚፈጥረው የውሸት ሃርሞኒክም (የፍሪኩዌንሲው ብዜት) ይቀንሳል።

ለ25 ዋቱ ሬዲዮ፦ ቢያንስ 50 ዋት የሚችል 30 ዲቢ አቴኑዌተር (ሲግናልን በታወቀ መጠን የሚቀንስ ዕቃ) በቀጥታ ከሬዲዮው ጋር፤ 44 ሲቀነስ 30 ይሆናል 14 ዲቢኤም፣ ማለትም 25 ሚሊዋት። ከኋላው 20 ዲቢ አቴኑዌተር ይቀጠላል፤ ይሄኛው የሚያየው ሚሊዋት ስለሆነ 1 ዋት የሚችል ትንሹ ይበቃል። አናላይዘሩ ላይ የሚደርሰው አሉታዊ 6 ዲቢኤም ነው። ለ100 ዋቱ ሬዲዮ ያለማቋረጥ 100 ዋት የሚችል 30 ዲቢ፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 10 ዲቢ ብትቀጥሉ አሉታዊ 10 ላይ ትደርሳላችሁ።

እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ትልልቅ አቴኑዌተሮች ብዙ ጊዜ መግቢያና መውጫቸው ይለያል። ኃይሉን የሚበላው ትልቁ ሪዚስተር በመግቢያው በኩል ነው፤ ገልብጣችሁ ከገጠማችሁት 25 ዋቱ በትንሹ ሪዚስተር ላይ ያርፍና በሰከንዶች ያቃጥለዋል። መግቢያ የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ ከደበዘዘ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ሁለተኛ፣ የተቃጠለ አቴኑዌተር ከውጭ ደህና ይመስላል። ከመግጠማችሁ በፊት በመልቲሜትር ኦም ለኩ፦ ደህና የሆነ 30 ዲቢ አቴኑዌተር ሌላው ጫፉ ክፍት ቢሆንም ከመሃል ፒን ወደ ቀለበቱ 50 ኦም አካባቢ ያሳያል። ከሁለቱም ጫፍ ለኩ። 70 ወይም 200 ካነበባችሁ፣ ወይም ምንም ካላሳየ፣ ጣሉት። ደሚ ሎድም በዚሁ መንገድ ከ48 እስከ 52 ኦም ማሳየት አለበት።

የፓወር አቴኑዌተር ከሌለ ለኤችኤፍ ሌላ መንገድ አለ። 1 ኪሎኦም 3 ዋት የሆኑ 20 የሜታል ኦክሳይድ ሪዚስተሮች ጎን ለጎን ሲበየዱ 50 ኦም፣ 60 ዋት ይሆናሉ። 100 ዋት ከተሰጠው ለ10 ሰከንድ ብቻ፣ ከዚያ 50 ሰከንድ ዕረፍት። ናሙናውን ለመውሰድ ከደሚ ሎዱ መሃል ፒን ላይ ሦስት 820 ኦም 1 ዋት ሪዚስተሮችን በተከታታይ በይዱና ወደ መለኪያው 50 ኦም መግቢያ አምጡ፤ የሚደርሰው 34 ዲቢ ያነሰ ነው። ለ100 ዋት ይህ 16 ዲቢኤም ስለሆነ ከአናላይዘሩ በፊት 20 ዲቢ ይጨመራል። የተጠቀለለ ሽቦ ያለበት ሪዚስተር አትጠቀሙ፤ በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ እንደ ጥቅል ይሠራል እንጂ እንደ ሪዚስተር አይሆንም። ይህ አሠራር እስከ 30 ሜጋኸርዝ ድረስ ይታመናል፤ በ150 ሜጋኸርዝ የሽቦዎቹ ርዝመት ራሱ ልኩን ያዛባል፣ ስለዚህ ለቪኤችኤፍ የተገዛ አቴኑዌተር ነው የሚያስፈልገው።

በኦሲሎስኮፕ በቀጥታ ለማየት ለምትፈልጉ፦ 100 ዋት በ50 ኦም ላይ ከጫፍ ጫፍ 200 ቮልት ነው፤ 25 ዋት 100 ቮልት። በ10 የሚያካፍለው ፕሮብ ላይ የተጻፈው 300 ወይም 600 ቮልት ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር የሚችለው ቮልት በጣም ይወርዳል። በቪኤችኤፍ ፕሮቡን አንቴና መሰኪያ ላይ አታሳርፉ። የኦሲሎስኮፑ 50 ኦም መግቢያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው 5 ቮልት አርኤምኤስ፣ ማለትም ግማሽ ዋት ብቻ ነው።

ጀነሬተሩን ለማዳን ከሁሉ የሚሻለው ልማድ መቀበያውን ስትለኩም 30 ዲቢውን ከሬዲዮው ላይ አለማውጣት ነው። ሬዲዮው አሉታዊ 119 ዲቢኤም፣ ማለትም 0.25 ማይክሮቮልት እንዲደርሰው ከፈለጋችሁ ጀነሬተሩን አሉታዊ 89 ላይ አድርጉ፤ 30 ዲቢው ቀሪውን ይቀንሳል። ቁልፉ በስህተት ቢጫን እንኳ ወደ ጀነሬተሩ የሚመለሰው 25 ሚሊዋት ነው። ለ100 ዋቱ 50 ዲቢ አስቀምጣችሁ ጀነሬተሩን አሉታዊ 69 አድርጉት።

የኃይል ምንጭ

ሬዲዮው ሳይገናኝ ፓወር ሰፕላዩን 13.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ በመልቲሜትር አረጋግጡ፤ የፊት መስኮቱን ቁጥር ብቻ አትመኑ። የፍሰት ገደቡን መጀመሪያ 1 አምፔር አድርጉ። ሲቀበል ብቻ የሚበላው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ገደቡ ላይ ከደረሰ ውስጡ አጭር ዙር አለ፣ አጥፉና ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ነው ለ25 ዋቱ ወደ 10 አምፔር፣ ለ100 ዋቱ ወደ 25 አምፔር የሚነሳው። የመኪና ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ባትሪ ገደብ የለውም፤ ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ለመጀመሪያ ማብሪያ 2 አምፔር፣ ከዚያ ማኑዋሉ የሚለው። በፊውዝ ቦታ ሽቦ የተጠመዘዘበት ሬዲዮ ከመጣላችሁ መጀመሪያ እሱን መልሱ፦ ዋልታው ቢገለበጥ የመከላከያው ዳዮድ ፊውዙን አቃጥሎ ሬዲዮውን ያድናል፤ ሽቦ ካለ ግን ዳዮዱም የቦርዱ መስመርም አብረው ይነዳሉ።

ቮልቱን የምትለኩት ሬዲዮው ሲያሰራጭ በሬዲዮው መሰኪያ ላይ ነው። ቀጭን ወይም ረጅም ገመድ 1 ቮልት ከጣለ የሚወጣው ዋት ይወርዳል፤ ያን አይቶ የፓወር ትሪመሩን ያነሳ ሰው መኪናው ላይ 14 ቮልት ሲያገኝ ከልኩ በላይ የሚያሰራጭ ሬዲዮ ነው የሚመልሰው።

መለኪያዎቹ

ጀነሬተሩ፣ ካውንተሩ (ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪው) እና ሬዲዮው ራሱ ቢያንስ 30 ደቂቃ በርተው ይሙቁ። በ150 ሜጋኸርዝ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ) ማለት 150 ኸርዝ ነው። የሬዲዮው ገደብ 2.5 ፒፒኤም፣ ማለትም 375 ኸርዝ ሆኖ ካውንተራችሁ ራሱ 1 ፒፒኤም ከሳተ ከገደቡ ግማሽ የሚጠጋው ጠፋ። በጂፒኤስ የሚታረም የ10 ሜጋኸርዝ ማጣቀሻ ካለ አንቴናውን ሰማይ የሚያይበት ቦታ ሰቅላችሁ ከካውንተሩም ከጀነሬተሩም ጋር አገናኙት።

የጀነሬተሩ መስኮት የሚያሳየው ቮልት በ50 ኦም ላይ ያለውን ነው ወይስ ክፍት መውጫ ላይ ያለውን? ልዩነቱ 6 ዲቢ ነው፤ ይህን ያላየ ሰው ደህናውን ሬዲዮ ደንቆሮ፣ ደንቆሮውን ደህና ይለዋል። በዲቢኤም ከሠራችሁ ጥያቄው ይቀራል። የኬብሉንም ብክነት ቁጠሩ፦ አርጂ 58 በ150 ሜጋኸርዝ በሜትር 0.2 ዲቢ ያህል ይበላል። የኤን ዓይነት መሰኪያ 50 ኦሙ ከ75 ኦሙ ጋር ሲሰካ ወፍራሙ ፒን የሌላውን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ አትቀላቅሉ።

ለመቀበያው ልክ ጀነሬተሩ 1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይስጥ፤ ስፋቱ 12.5 ኪሎኸርዝ ለሆነ ቻናል ዴቪዬሽኑ (ድምፁ ፍሪኩዌንሲውን ከመሃሉ የሚያንቀሳቅስበት መጠን) 1.5፣ ለ25 ኪሎኸርዝ ቻናል 3 ኪሎኸርዝ። ሲናዱ (ድምፁ ከጫጫታና ከመዛባት ጋር ሲነጻጸር ያለው ጥራት) 12 ዲቢ ሲሆን የጀነሬተሩን ደረጃ ትመዘግባላችሁ።

ድምፁን ከስፒከሩ ስትወስዱ ተጠንቀቁ። በብዙ የመኪና ሬዲዮዎች ከስፒከሩ ሁለት ሽቦ አንዱም ግራውንድ አይደለም። ሬዲዮው በርቶ ሁለቱንም ከቆርቆሮው አንጻር በቀጥተኛ ቮልት ለኩ፤ ሁለቱም ላይ 6 ወይም 7 ቮልት ካገኛችሁ የመለኪያውን የግራውንድ ክሊፕ አንዱ ላይ መቆንጠጥ የድምፅ ማጉያውን አይሲ ያቃጥላል። በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ከአንዱ ሽቦ ብቻ ውሰዱ፣ ግራውንዱን ከቆርቆሮው።

ሬዲዮውን መክፈት

አዲሶቹ ሬዲዮዎች አላይመንታቸው በኮምፒውተር ነው። ምንም ከመቀየሩ በፊት ያለውን የማስተካከያ ዳታ አንብባችሁ በሬዲዮው ሴሪያል ቁጥር ስም አስቀምጡ፣ ቅጂውንም ፍላሽ ላይ። ይህ ዳታ ፋብሪካ ውስጥ ለዚያ አንድ ሬዲዮ ብቻ የተለካ ነው፤ የሌላ ሬዲዮ ፋይል ሲጻፍበት ልኩ ይጠፋል። ሲጻፍ መብራት ከሄደ ሬዲዮው ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪው የሞላ፣ ሬዲዮውም በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

በካቻቢቴ የሚስተካከሉትን ግን መጀመሪያ በቅርብ ፎቶ አንሱ። የእያንዳንዱን ትሪመር ቀዳዳ አቅጣጫ በቀጭን እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። የብረት ካቻቢቴ ሲነካ ልኩ ይለወጣል፣ ሲወጣ ይመለሳል፤ የሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ማስተካከያ ተጠቀሙ። የፌራይት ኮር (ጥቅል ውስጥ የሚዞረው ጥቁር ማስተካከያ) በጣም ተሰባሪ ነው፤ ስፋቱ በትክክል የማይገጥም መሣሪያ ከማዕዘኑ ይሰብረዋል። በሰም የታሸገውን ኮር ማኑዋሉ ካላዘዘ አታላቅቁ።

የፓወር ትራንዚስተሮችና አንዳንድ ትልልቅ ሪዚስተሮች ነጭ የሴራሚክ መሠረት አላቸው። በተለይ በድሮዎቹ ውስጥ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ዱቄቱ ሲተነፈስ ሳንባን ይጎዳል። አትስበሩ፣ አትፋቁ፣ የተሰበረ ካገኛችሁ በእጅ ሳትነኩ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስባችሁ በላስቲክ አሽጉ። ከ220 ቮልት የሚሠራ ሬዲዮ ወይም ፓወር ሰፕላይ ስትከፍቱ ደግሞ ከተነቀለ በኋላም ዋናው ካፓሲተር 311 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። በ10 ኪሎኦም 10 ዋት ሪዚስተር፣ እጀታው በተሸፈነ መቆንጠጫ፣ አራግፉ፤ ከዚያ ለኩ፣ ቮልት ከቀረ ድገሙ። ካቻቢቴ አጋድሞ ማፈንዳት ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል።

የመጀመሪያው ጭነት

ማይክራፎኑ ይነቀል። በድምፅ ራሱ የሚያሰራጨው አሠራር፣ ስካን፣ የአደጋ ጥሪ ቁልፍና የአንቴና ቱነር ይጥፉ። ፓወሩ ዝቅተኛው ላይ ይሁን። አቴኑዌተሩ፣ ኬብሉና መለኪያው ሬዲዮው ጠፍቶ እያለ ይገናኙ፤ እያንዳንዱን ቀለበት በእጅ አጥብቁ። ከዚያ ሬዲዮው ይብራ፣ ለ30 ደቂቃ ይሙቅ፣ ማይክራፎኑ ይመለስ።

ቁልፉን ለ2 ሰከንድ ብቻ ተጫኑ። ዓይናችሁ ፍሰቱ ላይ፣ ሌላ እጃችሁ የፓወር ሰፕላዩ ማጥፊያ ላይ ይሁን። ፍሰቱ ከማኑዋሉ ጋር ከተቀራረበና አናላይዘሩ ላይ በወረቀት ያሰላችሁት ደረጃ ከታየ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ሙሉ ፓወር ሂዱ፤ አንዱ ጭነት ከ10 ሰከንድ አይለፍ። ከስሌቱ በ3 ዲቢ የራቀ ቁጥር ከመጣ አቁሙ፤ መጀመሪያ የምትጠራጠሩት ኬብሉንና አቴኑዌተሩን ነው።

ልኩ ሲረጋጋ ትሪመር ሳትነኩ ሁሉንም መዝግቡ፦ ቀን፣ የክፍሉ ሙቀት፣ በመሰኪያው ላይ ያለ ቮልት፣ ሲቀበልና ሲያሰራጭ የሚበላው ፍሰት፣ ዋት፣ የፍሪኩዌንሲ ስህተት በኸርዝ፣ ዴቪዬሽን፣ የ12 ዲቢ ሲናድ ደረጃ። ከዚያ ማኑዋሉን የመጀመሪያ እርምጃው ላይ ክፈቱ። ሥራው ሲያልቅ ወይም ሲቋረጥ መጀመሪያ ሬዲዮው ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ኬብል የሚነቀለው።